ከመስመሩ መሐል የሚቀር ግልባጭ
‹ቲ› የተባለችው ትንሽ የኮምፒዩተር መሣሪያና ታሪኳ

ከሁሩሙ ወረዳ ወደ መቱ የሚላክ አንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥሩና ቀኑ ከተጻፈበት፣ ፊርማና ማኅተም ካረፈበት በኋላ ከግርጌው ‹‹ግልባጭ›› የሚል ቃል ይሰፍርበታል። ዋናው ለተጻፈለት መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ግልባጩ ደግሞ ከሥር ለተዘረዘሩት ክፍሎች ይዳረሳል፤ አንዱም በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። አሠራሩ በኢትዮጵያ የቢሮ ሕይወት ውስጥ እጅግ የተለመደ በመሆኑ ስለ ጥቅሙ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ጥቅሙ የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ነው። ደብዳቤው ከመድረሻው ሳይደርስ ሲቀር፣ ወይም ደርሶ በውስጡ ያለው ቁጥር ሌላ ሆኖ ሲገኝ፣ ‹‹ከዚህ ሲወጣ ምን ይል ነበር?›› ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግልባጩ ብቻ ነው።

የኮምፒዩተር ሙያም ይህንኑ ብልሃት በራሱ መንገድ አግኝቶታል። ብዙ ፕሮግራሞች እንደ ቧንቧ ተቀጣጥለው የአንዱ ውጤት ለሌላው ግብአት በሚሆንበት ጊዜ፣ ከመስመሩ መሐል ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ ወደፊት እያሳለፈች አንድ ግልባጭ ወደ ፋይል የምታስቀር ትንሽ መሣሪያ አለች። ስሟ ‹ቲ› ነው። ስሙ የተወሰደው የቧንቧ ሠራተኞች በየዕለቱ ከሚይዙት፣ በላቲኑ ፊደል ‹ቲ› ቅርጽ ከተሠራውና ሦስት አፍ ካለው መገጣጠሚያ ነው። በመልኳና በሥራዋ ከዚህች የቀለለች የኮምፒዩተር ትእዛዝ ማግኘት ያስቸግራል፤ ይሁን እንጂ ታሪኳ ከአንድ ትልቅ የምሕንድስና ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው። ጥያቄውም ‹‹ብዙ እጅ የሚነካካው ሥራ መጨረሻው ላይ ተበላሽቶ ሲገኝ፣ የተበላሸው ከየትኛው እጅ ላይ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?›› የሚል ነው።

የአትክልት ማጠጫ ጎማ

የነገሩ ጅማሬ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ግዛት በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ዳግላስ ማክልሮይ በዚያ ዓመት ኦክቶበር 11 ቀን አንድ አጭር ማስታወሻ በታይፕ ጽፎ ነበር። የማስታወሻው ፍሬ ነገር፣ ፕሮግራሞችን እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እየቀጣጠሉ የሚያሠሩበት መንገድ ያስፈልጋል፤ መረጃውን በሌላ አኳኋን ማሸት ሲያስፈልግ ሌላ ቁራጭ ጎማ ማስገባት ብቻ በቂ ሊሆን ይገባል የሚል ነበር።

በዚያን ዘመን የአንድ ፕሮግራም ውጤት ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ባብዛኛው በተበሳ ካርድ ወይም በመግነጢሳዊ ክር አማካይነት ነበር። አሠራሩ አዝጋሚና አድካሚ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን አንድ በጎ ጎን ነበረው፤ ይኸውም ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚተላለፈው መረጃ በእጅ የሚያዝ፣ በመደርደሪያ የሚቀመጥ፣ ሲያጠራጥርም ተመልሶ የሚታይ ነገር መሆኑ ነው። የማክልሮይ ሐሳብ ድካሙን ለማስቀረት የታለመ ነበር። ከድካሙ ጋር ምን አብሮ እንደሚቀር ግን በዚያን ጊዜ ገና አልታየም።

ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ከስምንት ዓመት በላይ ወሰደ። ቤል ላቦራቶሪዎች ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ ሲሠራው ከነበረው መልቲክስ ከተባለው ግዙፍ የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ራሱን አገለለ። በዚያው ዓመት ኬን ቶምሰን በአንዲት ትንሽ ማሽን ላይ የራሱን ሥርዓት መሥራት ጀመረ፤ ዴኒስ ሪቺና ሌሎች ባልደረቦቹም ተባበሩት። ይህ ሥርዓት በኋላ ዩኒክስ ተባለ። የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፍ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ዓ.ም. የሚል ቀን ይዞ ሲወጣ ሥርዓቱ የሚሠራበት ማሽን የማስታወስ አቅም 24 ሺህ ባይት፣ የዲስኩም ይዞታ ግማሽ ሚሊዮን ባይት ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶግራፍ በዚያ ዲስክ ላይ አይገባም።

የቧንቧው መምጣት

በመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ዓመታት ሁለት ፕሮግራሞችን አከታትሎ ማሠራት የሚፈልግ ሰው፣ የመጀመሪያውን ውጤት በአንድ ጊዜያዊ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ፕሮግራም ያንን ፋይል እንዲያነብ ያዛል፤ ሥራው ሲያልቅም ፋይሉን ያጠፋል። ማክልሮይ ይህ ነገር እንዲቀየር ለዓመታት ወተወተ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1973 ዓ.ም. ቶምሰን በአንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ ቧንቧ የተባለውን መሣሪያ በሥርዓቱ ውስጥ አስገባ፤ ነባሮቹንም ፕሮግራሞች ለዚሁ እንዲመቹ አስተካከለ። በማግስቱ በላቦራቶሪው የነበሩት ሁሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን እየቀጣጠሉ አዳዲስ ሥራ መፍጠር እንደ ጀመሩ ማክልሮይ በኋላ ተርኮታል። መጀመሪያ የተመረጠው የአጻጻፍ ምልክት ከፋይል ማዞሪያው ምልክት ጋር የሚምታታ ስለ ነበር፣ ቶምሰን ሥራውን በለንደን ለማቅረብ በተዘጋጀ ጊዜ ቀጥ ያለውን ሰረዝ ተካበት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ የትእዛዝ መስመር ይህን ይመስላል፦

አውጪ | ቆራጭ | ደርዳሪ | ቆጣሪ

እነዚህ አራት ፕሮግራሞች ተራ በተራ የሚሠሩ አይደሉም፤ በአንድነት ተነሥተው በአንድነት ይሠራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ቧንቧ በቀደሙት የዩኒክስ እትሞች 4,096 ባይት ብቻ የሚይዝ አነስተኛ ማጠራቀሚያ ነበር። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ጸሐፊው ፕሮግራም ይቆማል፤ ባዶ ሲሆን አንባቢው ይጠብቃል። ስለዚህ መረጃው ምንም ያህል ብዙ ቢሆን መሐሉ ላይ ተከማችቶ ዲስክ አያጣብብም። የቧንቧው ትልቅ ኀይል ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ጉድለቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተነበበ ባይት ከማጠራቀሚያው ይጠፋል፤ ተመልሶም አይገኝም።

የተሰወረው መሐል

ለኢሉ አባ ቦር ሰው ይህ ጉድለት እንግዳ ነገር አይደለም። በሁሩሙና በያዮ አካባቢ የሚለቀመው እሸት ቡና በእርጥብ አዘገጃጀት የሚያልፍበት መንገድ ራሱ አንድ ቧንቧ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ የቡና ፍሬ ይፈለፈላል፤ በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ በቦይ ይታጠባል፤ በአልጋ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያም ተጭኖ ይሄዳል። የመጨረሻው ቀማሽ ከስኒው ውስጥ መጥፎ ጣዕም ቢያገኝ ስህተት መኖሩን ያውቃል፤ ስህተቱ ከለቀማው ይሁን ከገንዳው፣ ከእጥበቱ ይሁን ከአልጋው ግን ከስኒው ብቻ ሊያነብ አይችልም። በየደረጃው ናሙና ተወስዶ፣ ሰዓቱና መጠኑ ተጽፎ ከሆነ ግን ወደ ኋላ እየተመለሱ መመርመር ይቻላል።

በፕሮግራሞች ቧንቧም እንዲሁ ነው። ከላይ በተጠቀሰው መስመር ቆጣሪው የተሳሳተ ድምር ቢሰጥ፣ ጥፋቱ የቆጣሪው ላይሆን ይችላል። ደርዳሪው በትክክል ደርድሮ ይሆናል፤ ቆራጩ ግን አንድ ዓምድ ስቶ ይሆናል። ጊዜያዊ ፋይል በነበረበት ዘመን መሐንዲሱ ፋይሉን ከፍቶ ያይ ነበር። ቧንቧው ፋይሉን ሲያስቀር ማስረጃውንም አብሮ አስቀረ።

ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ

ለዚህ ችግር የተሰጠው መልስ ቧንቧውን ማፍረስ አልነበረም። ከቧንቧው መሐል አንድ መገጣጠሚያ ማስገባት ነበር። ቲ ከአንድ ወገን ያነበበችውን ባይት ምንም ሳትለውጥ ወደ ሌላው ወገን ታስተላልፋለች፤ ያንኑም በተሰጣት ፋይል ላይ ትጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም መመሪያ ውስጥ ራሷን የቻለች አጭር ገጽ ነበራት። የነበሯትም አማራጮች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ከነባሩ ፋይል ላይ ሳይደመስስ እንዲቀጥል የሚያዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሥራ ለማቋረጥ የሚላከውን ምልክት ችላ እንድትል የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው የታሰበበት ይመስላል፤ መስመሩ ሲቋረጥ እንኳ መዝጋቢው የመጨረሻውን ቃል ሳይጽፍ መሄድ የለበትምና።

የመሣሪያዋ ጥቅም በስሌት ሊገለጽ ይችላል። ስምንት ደረጃ ያለው መስመር ተበላሸ እንበል። መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ቢመረምር ሰባት ጊዜ ማየት ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን ቲን ከአራተኛው ደረጃ በኋላ ቢያስገባና ግልባጩን ቢያይ፣ መረጃው እዚያ ድረስ ደኅና ከሆነ ጥፋቱ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ባለው ውስጥ ነው፤ ከተበላሸ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ አራት በአንዱ ነው። የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል፤ እንደገናም ይከፍላል። በሦስት ምርመራ ጥፋተኛው ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ስህተት ፍለጋ እንደ ዕድልና እንደ ስጦታ የሚቆጠር ቢሆንም፣ ግልባጭ ባለበት ቦታ ግን ሥርዓት ያለው ሙያ ይሆናል።

ወረቀቱ ሲቀር

በዚሁ ዘመን ሁለት ተመሳሳይ ችግሮች በሌላ በኩል ብቅ አሉ። የመጀመሪያው ስለ ስህተት መልእክት ነው። ፕሮግራሞች ‹‹ፋይሉ አልተገኘም›› የመሰለ ማስጠንቀቂያ የሚጽፉት ከዋናው ውጤት ጋር በአንድ መስመር ላይ ነበር። መልእክቱ በቧንቧው ወርዶ እንደ መረጃ ተቆጥሮ ከሚቀጥለው ፕሮግራም ይደርሳል። በላቦራቶሪው ባልደረቦች ሲተረክ እንደኖረው፣ ጽሑፍ በብርሃን የሚያትመው ውድ ማሽን ሥራውን ጨርሶ ወረቀቱ በኬሚካል ከታጠበ በኋላ፣ ከታተመው ነገር ሁሉ አንድ የስህተት መልእክት ብቻ አምሮና ተውቦ ተገኘ። ይህ ከተደጋገመ በኋላ ለስህተት መልእክት የተለየ መውጫ ተሠራለት፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ከወጣው ከስድስተኛው እትም ጀምሮም የሥርዓቱ ቋሚ አካል ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ቲን የሚጠቀም ሰው ማስታወስ ያለበት ነገር አለ፤ ቲ በተለመደው አሠራር የምትገለብጠው ዋናውን ውጤት ብቻ ነው። የስህተቱን መውጫ ሆን ብሎ ከዋናው ጋር ያላገናኘ ሰው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልገውን መልእክት በግልባጩ ውስጥ አያገኘውም።

ሁለተኛው ችግር ስለ ወረቀት ነው። የመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ተጠቃሚዎች የሚሠሩት በሰከንድ አሥር ፊደል በሚመታ ቴሌታይፕ ነበር። ዝግተኛና ጫጫታ የበዛበት ቢሆንም የተባባሉትን ሁሉ በወረቀት ጥቅል ላይ ያስቀር ነበር። የመስተዋት ስክሪን ሲመጣ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ወረቀቱም ቀረ። ከላይ የሚያልፈው መስመር ከእንግዲህ አይመለስም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ሦስተኛው የበርክሌይ እትም ‹ስክሪፕት› የተባለ ትእዛዝ ይዞ የመጣው ለዚሁ ነው። ስክሪፕት በተርሚናሉ ላይ የሚታየውን ሁሉ ወደ ፋይል ይገለብጣል። ከሁለቱም ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ፍጥነት የሚያመጣ ማሻሻያ ሁሉ አንድ ማስረጃ ይዞ ይሄዳል፤ ማስረጃውን የሚመልስ ትንሽ መሣሪያም ለብቻው መሠራት ይኖርበታል።

የቲ ድክመቶች

ቲ ቀላል ብትሆንም ያለ ማስተዋል የሚጠቀምባትን ሰው ታሳስታለች። ሦስት ነገሮች በተለይ ሊታወቁ ይገባል።

አንደኛው የመዘግየት ነገር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ውጤታቸው በቀጥታ ለሰው ዓይን ሲሆን መስመር በመስመር ይጽፋሉ፤ ወደ ቧንቧ ሲሆን ግን አጠራቅመው በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። በዚህ ምክንያት ከቲ ፊት የተቀመጠ ሰው ለረዥም ጊዜ ምንም ሳያይ ይቀርና መስመሩ የሞተ ይመስለዋል። ጥፋቱ የቲ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የፖዚክስ መስፈርት ቲ ያነበበችውን እንዳታጠራቅም ይደነግጋል። የሚያጠራቅመው ከእርሷ በፊት ያለው ፕሮግራም ነው። ይህን ልማድ ከውጭ ለመቀየር የሚረዳ መሣሪያ በግኑ የመሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። አንድ የቧንቧ መስመር ተሳካ ወይም ከሸፈ ሲባል በተለመደው አሠራር የሚታየው የመጨረሻው ፕሮግራም ሁኔታ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት በየሌሊቱ መረጃውን የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አለው እንበል፤ ውጤቱ እንዲመዘገብም ከጫፉ ላይ ቲ ተቀጥላበታለች። ዋናው ፕሮግራም ቢወድቅ እንኳ ቲ የደረሳትን ጽፋ በሰላም ስለምትጨርስ መስመሩ ‹‹ተሳክቷል›› ይላል። ማስረጃ እንድትይዝ የገባችው መሣሪያ ውድቀቱን ሸፈነችው ማለት ነው። ባሽ የተባለው የትእዛዝ ተርጓሚ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በሦስተኛ እትሙ፣ ከመስመሩ አንዱ እንኳ ቢወድቅ መስመሩ በሙሉ እንደ ወደቀ የሚቆጥር አማራጭ አቀረበ፤ ፖዚክስም ይህን አማራጭ የተቀበለው በ2024 ዓ.ም. እትሙ ነው። ቧንቧው ከተሠራ ሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው፣ የሚለካ ነገር ሁሉ በመለኪያው መነካቱ ነው። ግልባጩ የሚጻፍበት ዲስክ ዘገምተኛ ከሆነ መስመሩም ይዘገያል። ዲስኩ ከሞላ ግልባጩ ጎዶሎ ይቀራል። የሊኑክስ አዘጋጆች ይህን ሸክም ለማቅለል እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. መረጃውን ከአንድ ቧንቧ ወደ ሌላ ቧንቧ ባይቶቹን ሳይገለብጡ የሚያባዛ ጥሪ በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ጨመሩ፤ ስሙንም ያው ‹ቲ› አሉት።

ተከታዮቿ

ቲን ተከትለው ብዙ ትንንሽ መሣሪያዎች ተወልደዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የወጣው የአንድሩ ዉድ መሣሪያ በቧንቧው ውስጥ ስንት ባይት በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ እንደ ውሃ ቆጣሪ ያሳያል። ጆይ ሄስ እ.ኤ.አ. ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ያሰባሰባቸው መሣሪያዎች ደግሞ አንዱ በየመስመሩ ላይ ሰዓት ይጽፋል፤ ሌላው የሚያልፈውን መረጃ ለጊዜው አቁሞ ሰው በእጁ እንዲያርመው ያደርጋል፤ ሦስተኛው አንዱን ፍሰት ለብዙ ፕሮግራሞች ያከፋፍላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የታየው ‹አፕ› የተባለው መሣሪያ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ውጤት አንድ ጊዜ ይይዝና መሐንዲሱ ተከታዮቹን ደረጃዎች በጻፈ ቁጥር የመጨረሻውን መልክ እዚያው ስክሪን ላይ ያሳየዋል። ሁሉም በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የተሠሩ ናቸው፤ ይኸውም የቧንቧው መሐል ለሰው ዓይን እንዲከፈት ነው።

ፊደል በቧንቧ ውስጥ

ይህ ታሪክ የኢትዮጵያን ፊደል የሚነካበት ቦታ አለ። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ላይ አንድ ወጥ ሥርዓት ባልነበረው ዘመን፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ በውጭ አገር ይኖሩ የነበሩት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ‹ሴራ› የተባለውን በላቲን ፊደል የመወከያ ዘዴ አዘጋጅተው ነበር። አማርኛውና ትግርኛው በተራ የላቲን ፊደል ተጽፎ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀይር ፕሮግራም ወደ ግዕዝ ፊደል ይመልሰዋል። የመሐሉ ጽሑፍ በማንኛውም ስክሪን ላይ የሚነበብ ስለ ነበር፣ ስህተት ሲገኝ ከጸሐፊው ይሁን ከቀያሪው ማወቅ ይቻል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የግዕዝን ፊደል በዓለም አቀፉ ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ፊደሉ በዛሬው ኮምፒዩተር ባብዛኛው የሚጓዘው ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ነው። ይህን አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1992 ዓ.ም. በአንድ የኒው ጀርዚ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የነደፉት ሮብ ፓይክና ቧንቧውን የሠራው ያው ኬን ቶምሰን ናቸው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል።

የሁሩሙ ዘጠኝ ባይት

ልዩነቱ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የኢትዮጵያ የጤና መረጃ ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በወረዳ፣ በዞንና በክልል አድርጎ ወደ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። ከ2010ሮቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህም ሚኒስቴሩ መሠረቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለ ሥርዓት ይጠቀማል። ከእንዲህ ዓይነቱ ማከማቻ ዝርዝር አውጥቶ በወረዳ የሚደምር መስመር፣ ከላይ እንደ ታየው አውጪ፣ ቆራጭ፣ ደርዳሪና ቆጣሪ አለው እንበል። ከሁሩሙ 30 የሪፖርት መስመሮች ይጠበቃሉ፤ ቆጣሪው ግን በዚህ ስም ያገኘው 21 ብቻ ነው። ዘጠኙ የት ገቡ?

የመጨረሻው ሰንጠረዥ መልስ አይሰጥም። ቲ ከአውጪው በኋላ ብትገባ ግልባጩ 30ውንም መስመሮች ያሳያል፤ ስለዚህ ከወረዳው የቀረ ሪፖርት የለም። ከቆራጩ በኋላ ብትገባ ደግሞ ነገሩ ይገለጣል። ምናልባት ከ30ው ዘጠኙ ‹ሁሩሙ› ሳይሆን ‹ሑሩሙ› ተብለው የተጻፉ ናቸው። ለአማርኛ አንባቢ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ስለሆኑ ሁለት ወረዳዎች ይሆናሉ። ስሙ በቁቤና በእንግሊዝኛ ሲጻፍም የሚደጋገሙት ፊደላት ብዛት ስለሚለያይ ያው መከፋፈል ይደርሳል። ወይም ደግሞ ቆራጩ የስሙን ዓምድ በስምንት ባይት ላይ እንዲገታ ታዟል። የላቲን ስም ለለመደ ሰው ስምንት በቂ ሊመስለው ይችላል። ‹ሁሩሙ› ግን ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ነው። በስምንት ሲቆረጥ ‹ሁሩ› ደኅና ይቀርና ሦስተኛው ፊደል ተሰብሮ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ይህ በልቦለድ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ያለው ቆራጭ መሣሪያ ‹‹በፊደል ቁረጥ›› ሲባል ለረዥም ዘመን የቆረጠው በባይት ነው።

የጠፉት ዘጠኝ መስመሮች ለፕሮግራሙ ዘጠኝ መስመሮች ብቻ ናቸው። ለወረዳው ግን የተከተቡ ሕፃናት፣ የወባ ሕሙማን፣ የወለዱ እናቶች ናቸው። ለሚመጣው ጊዜ የሚመደበው መድኃኒትና ክትባት የሚሰላው ከእንዲህ ዓይነቱ ድምር ከሆነ፣ የጎደለው ቁጥር በመጨረሻ ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ይጎድላል። በማእከል ያለው ሰው ደግሞ መሐሉን ሊያይ ካልቻለ ከሁለት አንዱን ይፈርዳል፤ ወይ ‹‹ወረዳው ሪፖርት አላደረገም›› ይላል፣ ወይ ‹‹ሥራው ቀንሷል›› ይላል። ሥራውን ሠርቶ ሪፖርቱን በወቅቱ የላከው ሠራተኛ ባልሠራው ጥፋት ይወቀሳል። ግልባጭ ያለው መሐንዲስ ግን ጥፋቱ ከሰው ሳይሆን ከቆራጩ መሆኑን በማስረጃ ያሳያል። ቲ የምትጠቅመው ለፕሮግራሙ ጤንነት ብቻ ሳይሆን ለፍትሕም ነው የሚያሰኘው ይህ ነው።

የግልባጩ ጥበቃ

ይህ ሲባል ግን ግልባጭ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ከቧንቧው መሐል የተቀዳው ፋይል ያለፈውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል፤ በጤና መረጃ መስመር ላይ ከሆነ የሕሙማን ስምና ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ዋናው ማከማቻ በመክፈቻ ቃል ተጠብቆ ሳለ፣ ለስህተት ፍለጋ የተቀዳው ግልባጭ በጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ለማንም ክፍት ሆኖ ቢረሳ የጥበቃው ትርጉም ይጠፋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ኃላፊነቱ ዋናውን እንጂ ግልባጩን አይመለከትም የሚል መሐንዲስ ሊኖር አይገባም። ስለዚህ ግልባጩ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚያየው ሰውና የሚጠፋበት ቀን ቲ ከመስመሩ ከመግባቷ በፊት መወሰን አለባቸው።

የቲ ታሪክ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ለባለሙያው የሚለው ነገር አጭር ነው። አንድ ሥራ በብዙ ደረጃ እንዲያልፍ ሲነደፍ፣ ደረጃዎቹ በተገናኙባቸው ቦታዎች መሐል ገብቶ የሚያይ ዓይን አብሮ መነደፍ አለበት። ዲዛይኑ ካለቀ፣ መስመሩ ከተዘረጋና ቅሬታው ከመጣ በኋላ መገጣጠሚያ መፈለግ ያስቸግራል፤ ቧንቧ ሠራተኛም ቢሆን ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ቲ ለማስገባት ልስኑን ማፍረስ ይኖርበታል። ዛሬ በመቱ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች የአገሪቱ ተቋማት የሚማሩ ወጣቶች ነገ የሚዘረጓቸው መስመሮች ከ1973ቱ መስመር እጅግ የረዘሙ፣ በብዙ ማሽኖችና በብዙ ከተሞች የሚያልፉ ይሆናሉ። መስመሩ በረዘመ መጠን መሐሉ ይጨልማል። ከሁሩሙ የተነሣው ቁጥር አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ከተገኘ፣ በየመገናኛው የተቀመጠ ግልባጭ የት ላይ እንደ ተለወጠ ይናገራል፤ ግልባጭ ከሌለ ግን የሚቀረው ክርክር ብቻ ነው።